ጅሬን፤ ቤተ መንግሥቱና ከሥሩ ያለው ገበያ

ከጅማ ከተማ 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ በጅሬን ኮረብታ ላይ የቆመው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዝናው ሰፊ ነው፤ ስለ ቤቱ የሚነገረው ግን ከቤቱ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ጎብኚው ደጁን እንደ ረገጠ የንጉሡ ቁመት ከ2 ሜትር በላይ እንደ ነበረ ይነገረዋል፤ እሱም ቀና ብሎ የበሩን ጉበን በዓይኑ ይለካል። ከዚያም የዙፋናቸው፣ የመኝታቸውና የእንግዶቻቸው ነገር ይከተላል። ጉብኝቱ ሲያበቃ ጎብኚው ስለ አንድ ረጅም ንጉሥ ብዙ ዐውቆ፣ ቤቱ በማን እጅና በምን ሀብት እንደ ቆመ ግን ሳይጠይቅ ይመለሳል። ጥፋቱን በአስጎብኚው ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለ ጅሬን በጽሑፍም ሆነ በሥዕል የሚቀርበው ብዙው ሥራ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነውና።

ሕንፃው ራሱ ከዚህ የተሻለ ምስክር ነው። የጎንደር ነገሥታት በ17ኛው መቶ ዓመት ያቆሟቸው ግንቦች በድንጋይና በኖራ ሲናገሩ፣ ጅሬን የሚናገረው በእንጨትና በጭቃ ነው። ዋናው ቤት ባለ ሁለት ደርብ ነው፤ ወፍራም ምሰሶዎች የተሸከሙት ሰፊ በረንዳና ሰገነት አለው። የቤቱ ውበትም ያለው በከፍታው ሳይሆን በዚህ በረንዳ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በረንዳ ውስጥም ውጭም ያልሆነ ስፍራ ነው፤ ከላይ የተቀመጠው ከታች የተሰበሰበውን ያያል፣ ከታች የቆመውም ከላይ ያለውን ያያል። ግንብ ንጉሡን ከሕዝብ ዓይን ሲሰውር ይህ ቤት ንጉሡን ለሕዝብ ዓይን ያቀርባል። በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ የሕንድና የአርመን ባለ እጆች ካሠሯቸው ባለ በረንዳ ቤቶች ጋር ዝምድና እንዳለው የሚታይ ቢሆንም፣ ጅሬንን የሌላ ቤት ግልባጭ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። እንጨቱ የአካባቢው ደን ነው፤ የግድግዳው አሠራር፣ የማገሩና የምርጊቱ ዘዴ ከተራው ገበሬ ቤት የተወሰደ ነው። ቤተ መንግሥቱ በኦሮምኛ መጠሪያው መሰራ ሲባል፣ የገበሬው ጎጆ ያደገበት መሰራ ነው ማለት ይቻላል።

ቤቱ እስከ ዛሬ ሊቆም የቻለበት ምክንያት ደግሞ ከታሪክ የሚገኝ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዙ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለምኒልክ በሰላም ገብረው፣ በምላሹ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። በዚህ ውሳኔ የእናታቸው የገነ ጉሚቲ ምክር እንዳለበት ይተረካል። ጐረቤቲቱ ከፋ ግን ተዋጋች፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ስትወረር ዋና ከተማዋ አንድራቻ ጠፋች፤ የጅማም ጦር ከዘማቾቹ መካከል ነበር። እንግዲህ የጅሬን ምሰሶዎች የሚመሰክሩት የአናጢውን ችሎታ ብቻ ሳይሆን ያንን ዋጋው ከባድ የሆነ ስምምነትም ነው። የንጉሡ መጠሪያ እንኳ የፈረስ ስም መሆኑ ለዚህ ጥሩ ማስታወሻ ይሆናል፤ ምኒልክም «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበርና፣ የገበረውና ያስገበረው በአንድ ልማድ የሚጠሩ ሰዎች ነበሩ።

የስምምነቱ ዋጋ የተከፈለው ግን ከየት ነው? መልሱን ለማግኘት ከኮረብታው መውረድ ያስፈልጋል። ከታች፣ ዛሬ የጅማ ከተማ በሆነው ሜዳ ላይ፣ ሄርማታ የሚባለው ታላቅ የሐሙስ ገበያ ነበር። ከከፋና ከጊቤ አገሮች የሚመጡት የነጋዴ መንገዶች እዚህ ይገናኙ ነበር። ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ይወጣል፤ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና የማርያ ቴሬዛ ብር ይገባል። መንግሥቱ ድንበሩን ሰው ባልሰፈረበት መሬትና በኬላ ያጥር፣ ገበያውንም በሹም ያስጠብቅ እንደ ነበር፣ ኸርበርት ሉዊስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ጅማ መንግሥት ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል። በገበያና በቤተ መንግሥት መካከል ያለው የጥቂት ኪሎ ሜትር መንገድ የመንግሥቱ የደም ሥር ነበር። ሰገነቱ ያለ ገበያው ሊታሰብ አይችልም።

በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ሄርማታ በደቡብ ምዕራብ ከነበሩት የባሪያ ገበያዎች ዋነኛው ነበር፤ ከከፋና ከሌሎች የደቡብ አገሮች የተነዱ ሴቶች፣ ወንዶችና ልጆች በዚህ አልፈዋል፤ ብዙዎቹም በጅማ ቀርተው አርሰዋል፣ ውሃ ቀድተዋል፣ እንጨት ተሸክመዋል። ስለ ጅሬን የሚደረገው ገለጻ ሁሉ የሚዳከመው እዚህ ላይ ነው። ወይ ነገሩን ይዘለዋል፣ ወይም «የዘመኑ ልማድ ነበር» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይሸኘዋል። ይህን ማንሣት ቤቱን ማራከስ፣ የሕዝቡንም ክብር መንካት መስሎ የሚታያቸው አሉ። ሐሳባቸው በቅን ልቡና የተያዘ ቢሆንም ቤቱን የሚያሳንሰው ዝምታው ነው። ምሰሶውን ከጫካ ጎትቶ ኮረብታ ያወጣ ትከሻ ካልታወሰ ምሰሶው የእንጨት ጉማጅ ሆኖ ይቀራል።

ተመሳሳይ ችግር የገጠማት አንዲት አሮጌ የአሜሪካ ከተማ አለች። ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ1776 የነጻነት መግለጫው የጸደቀበትን አዳራሽና የተሰነጠቀውን የነጻነት ደወል ለዓለም ስታሳይ ኖራለች። ከደወሉ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ዛሬ ማርኬት በሚባለው ጎዳና ላይ (ትርጕሙም ገበያ ነው)፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሳሉ የኖሩበት ቤት ነበር። በዚያ ቤት 9 ሰዎች በባርነት አገልግለዋል። ቤቱ በ19ኛው መቶ ዓመት ፈርሶ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆየ። በኋላ ነዋሪዎች አጥብቀው ስለ ጠየቁ እ.ኤ.አ. በ2007 መሠረቱ በቁፋሮ ወጣ፤ በ2010 መታሰቢያ ሲከፈት የዘጠኙም ስም በድንጋይ ተቀርጾ ቆመ። ፊላደልፊያ የፈረሰ ቤት ይዛ ይህን ያህል ስትናገር፣ ጅሬን የቆመ ቤት ይዞ ዝም ማለቱ አይገባም።

ከባሮቹ ቀጥሎ ስማቸው የማይነሣው ባለ እጆቹ ናቸው። ጅማ በእንጨት ሥራ የታወቀ አገር ነው። ከአንድ ወጥ የዋንዛ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማና ባለ መደገፊያው ወንበር ያለ ሙጫና ያለ ሚስማር ይቆማሉ። በጅማ ሙዚየም የተቀመጡት የንጉሡ የእንጨት ዕቃዎች ከዚሁ ጥበብ የተወለዱ ናቸው። ይሁን እንጂ በዚህ ዓይነቱ ማሳያ ዕቃው የሚተዋወቀው በተቀመጠበት ሰው ስም እንጂ በጠረበው ሰው አይደለም። «የንጉሡ ወንበር» ከማለት አልፎ እንጨቱ ምን እንደ ሆነ፣ በየትኛው መሣሪያ እንደ ተጠረበ፣ ያው ወንበር በገበሬው ቤት ምን መልክ እንዳለው የሚገልጽ ጽሑፍ ቢኖር ለሥነ ጥበብ ተማሪ ከአንድ ኮርስ ይበልጥ በጠቀመው ነበር።

ጥገናም የሚመዘነው ከዚህ አንጻር ነው። የእንጨትና የጭቃ ቤት እንደ ግንብ አንድ ጊዜ ተጠግኖ የሚተው አይደለም። ዝናብ ምርጊቱን ያጥባል፣ ምስጥ ምሰሶውን ከሥሩ ይበላል፤ በየጊዜው የሚያድሰው እጅ ይፈልጋል። በዚህ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ዘላቂ ጥገና መስሎ ቢታይም ጉዳቱ ያመዝናል፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን ከውስጥ አምቆ ይይዝና ጭቃውን ያላቅቀዋል፣ እንጨቱንም ያበሰብሰዋል። ስለዚህ በጅሬን መጠበቅ ያለበት የመጀመሪያው ነገር ግድግዳው ሳይሆን ጭድና ጭቃ መጥኖ የሚያቦካው፣ ዋንዛና ዝግባ ለይቶ የሚቈርጠው ሰው ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት በቅርስ መዝገብ ውስጥ ቍጥር የለውም፤ ያለው በአካባቢው አናጢዎችና ቤት ሠሪዎች እጅ ነው። እነሱ በቀን ሠራተኛነት ሳይሆን በመምህርነት ካልተጠሩ የሚጠገነው የቤቱ መልክ ብቻ ይሆናል።

ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ከተማውን በሜዳው ላይ ሲያስፋፉ ጅሬን ዳር ላይ ቀረ፤ ጉብኝቱም ከገበያው ተነጥሎ በመኪና ወደ ኮረብታ መውጣት ብቻ ሆነ። ይህን ቅደም ተከተል መለወጥ የሚከብድ አይደለም። የጅማ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ሐሙስ ቀን በመጀመሪያ ወደ ሄርማታ ቢወስዱ፣ የቡናውን ነጋዴና የበርጩማ ጠራቢውን ሥራ ቢያስጠኑ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መንገዱን በእግር ይዘው ወደ መሰራው ቢያወጧቸው፣ ተማሪው ሰገነቱን የሚያየው መንገዱ ባደከመው እግር ነው። የሥዕል መምህራን ደግሞ የሚያስሥሉት ነገር ሞልቷል፤ የበረንዳውን ምሰሶ፣ የማገሩን አተካከል፣ የጣሪያውን ተሸካሚ እንጨት እየለካ የሚሥል አንድ ክፍል ተማሪ በሁለት ዓመት ውስጥ የቤቱን ሙሉ ንድፍ ያወጣል።