ሦስት ቆነጃጅት፣ ሦስት አርማ

ጃፓናዊው ሠዓሊ ኪታጋዋ ኡታማሮ «የዘመኑ ሦስት ቆነጃጅት» የተሰኘውን የእንጨት ህትመት ሥዕሉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1793 ገደማ፣ በኤዶ (በዛሬዋ ቶኪዮ) ነው። ሥዕሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመለከት ሰው ሠዓሊው አንዲትን ሴት ሦስት ጊዜ የደገመ ሊመስለው ይችላል። የፊቱ ርዝመት፣ የቅንድቡ ቅጥነት፣ የአፉ ጥበት ያው ነው። በአፍንጫና በዓይን ቅርጽ ላይ ያለው ልዩነት ልብ ብሎ ላላየው ያመልጣል።

ታዲያ ማን ማን እንደሆነች በምን ይታወቃል? በልብሳቸው ላይ ባለው አርማ ነው። ከላይ ያለችው ቶዮሂና የዮሺዋራ ጌይሻ ናት። ኦኪታና ኦሂሳ ግን የሻይ ቤት ልጃገረዶች ናቸው። የኦኪታ አርማ የፓውሎኒያ አበባ ነው፤ ገናናው የጦር መሪ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺም በዚሁ አበባ ይታወቅ ነበር። ሳሙራይ ከሁሉ በላይ በሚቆጠርበት አገር፣ እንግዳ የምታስተናግድ ልጅ ባለ ስምና ባለ አርማ ሆና በየሱቁ ተሸጠች።

የሾጉኑ መንግሥት ይህን በዝምታ አላለፈውም። በ1793 ከዮሺዋራ ሴቶች በቀር የሌሎች ሴቶች ስም በሥዕል ላይ እንዳይጻፍ ከለከለ። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ አንባቢ የኡታማሮ መልስ እንግዳ አይሆንም። ሁለት እስር ጎመን፣ ፍላጻ፣ ባሕርና የሩዝ ማሳ ሣለ፤ ስማቸው በጃፓንኛ ተከታትሎ ሲነበብ «ናኒዋያ ኦኪታ» ይላል። በ1796 እንቆቅልሹም ታገደ። በ1804 ደግሞ ሂዴዮሺን ከሚስቶቹ ጋር በመሣሉ ለ50 ቀናት በእጅ ሰንሰለት ታስሮ ተቀጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ።

መንግሥት የፈራው ምልክቱን እንጂ ውበቱን እንዳልነበረ ከእነዚህ እገዳዎች ቅደም ተከተል መረዳት ይቻላል። ደረጃ ከሁሉ በላይ በሚከበርበት ዓለም፣ ስምና አርማ ለማንም የሚታደሉ ከሆነ ደረጃው ራሱ ትርጉም ያጣል።

ይሁንና ኡታማሮን ስናደንቅ አንድ ጉድለቱን ልናልፈው አይገባም። የኦኪታ ዝና ለሻይ ቤቱ ገበያ፣ ለአሳታሚው ትርፍ ነበር። ሠዓሊው ስሟን ከእገዳ ለማትረፍ ብዙ ተጋ፤ ፊቷን ግን ከሌሎቹ ለመለየት የዚያን ያህል አልደከመም። ሥዕሉ ለልጅቷ ክብር ሰጥቷታል፤ ያ ክብር ግን ልብሷ ላይ ቀረ።