ሳይጎትቱ ማውጣት

ልጁ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ከጀልባው ወርዶ በደንገሉ መሐል ሲመጣ፣ ከሩቅ ያየሁት መንጠቆውን አልነበረም። ከእጁ ተንጠልጥሎ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ሲባጎ ነው። ሲባጎው በየክንዱ ርቀት መንጠቆ የታሰረበት ረጅም መስመር ነው፤ ማታ ይጣላል፣ ጎህ ሲቀድ ይነሳል። አንደኛው መንጠቆ የልጁ አውራ ጣት ሥር፣ ሥጋው ወፈር ያለበት ቦታ ተሰክቷል። ቀጥሎ ባለው ላይ ደግሞ ነፍሱ ገና ያልወጣች አንድ አምባዛ አለ። አምባዛው በተንፈራገጠ ቁጥር ልጁ ይጮኻል። ሦስት ሰዎች ከበውት በአንድ ድምፅ "ሳበው! ሳበው!" ይላሉ።

ቢላዬን አውጥቼ ሲባጎውን ከሁለቱም ወገን ቆረጥኩት። አምባዛው መንጠቆውን እንደነከሰ ወደ ሐይቁ ተመለሰ። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ "ዶክተር፣ ምሳችንን ለቀቅከው እኮ" አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ። ግን ዝዋይ ዳር ጓንት ያደረገ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማስተባበሉን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

የአሰላ ሰው ስለ መንጠቆ ሲያወራ ቀልድ ይመስላል። ከተማችን ከጭላሎ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የገብስና የስንዴ አገር ናት። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የምንቀበለው ቁስል የእርሻ ቁስል ነው፤ ማጭድ የቆረጠው ጣት፣ ፈረስ የረገጠው ጉልበት፣ በመኸር ወራት ደግሞ ኮምባይነር የያዘው እጅ። ሆኖም ከአርሲ ተራሮች የሚነሳው የከታር ወንዝ ቁልቁል ተምዘግዝጎ የሚያርፈው ዝዋይ ሐይቅ ነው። እኔም ቅዳሜ ሲሆን እንደ ወንዙ ነኝ፤ ጋቢዬን ደርቤ ወደ ኦጎልቾ እወርድና የሐይቁ ምሥራቅ ዳር ስደርስ ጋቢው ትከሻዬ ላይ ይከብደኛል። ቁልቁለቱ ወደ 800 ሜትር ነው። ጠዋት ብርድ ያንዘፈዘፈው ሰው ረፋድ ላይ ላቡን ይጠርጋል።

ማጥመድን ያስተማረኝ ግን ዝዋይ አይደለም። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ጉልምስናውን የጨረሰው ምጽዋ በባሕር ኃይል ውስጥ ነው። ከተማዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ስትገባ እሱ ቆስሎ ቀደም ብሎ ወደ መሐል አገር መጥቶ ነበር። አሰላ ሲገባ የያዘው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር፤ ውስጡ መንጠቆ፣ የተጠቀለለ ናይለን ክርና ፒንሳ። ከዳህላክ ደሴቶች አካባቢ በእረፍት ቀናቸው በእጅ ክር እንዴት ያጠምዱ እንደነበር ሲያወራ፣ ባሕር አይተን የማናውቅ ልጆች ውሸት ይመስለን ነበር። በጦር ዓሣ የሚወጉ ጠላቂዎችን ታሪክማ እስከ ዛሬ የምናምነው በግማሽ ነው። ዛሬ አገራችን ባሕር የላትም፤ ጀልባችን ከዳር የምትርቀው በሐይቅ ላይ ብቻ ነው።

አጎቴ ከታር ዳር ወስዶኝ ቢልጫ ስናጠምድ መጀመሪያ ያስተማረኝ ክር መወርወር አልነበረም። መንጠቆውን መዳፌ ላይ አስቀምጦ "እስቲ እያት" አለኝ። ከጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ፣ ከብረቱ ተሰንጥቃ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ እሾህ አለች። እኔ የኋላ እሾህ እላታለሁ። ጫፉ ሲገባ እሷ ተንሸራትታ ትከተላለች፤ ሲወጣ ግን ሥጋው ውስጥ ትቆማለች። "ዓሣው ባይሸሽ ኖሮ ይሄ ነገር ባልያዘው" አለኝ። ዓሣው በጎተተ መጠን እሾኋ ትሰምጣለች። አጥማጅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ዓሣውን የሚያደክመውም በዚህ ነው። መንጠቆው በራሱ እጅ ሲገባ ግን ዕውቀቱ ብን ብሎ ይጠፋና ልክ እንደ ዓሣው መጎተት ይጀምራል።

እኔም ጎትቻለሁ፣ ያውም ከሰው እጅ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ አባወራ መሐል ጣቱ ላይ መንጠቆ ይዞ መጣ። ደም እንዲቆም ብሎ የቡና ዱቄት ነስንሶበታል። ተራ የሚጠብቅ ሰው በዝቶ ነበር፤ በጉጠት ጨብጬ ሳብኩት። ወጣ። ከመንጠቆው ጋር ነጭ ክር የመሰለ ነገር አብሮ ወጣ፤ ምን እንደሆነ ያኔ ለማየት አልፈለግኩም። ሰውየው ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ጣቱ እንደ ሙዝ አብጦ አልታጠፍ ብሎት ነበር። ጣት የሚያጥፈው ጅማት የሚንሸራተተው ጠባብ ከረጢት ውስጥ ነው፤ መግል እዚያ ከገባ መውጫ የለውም። ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። ከዚያ ወዲህ ማደንዘዣ ከመውጋቴ በፊት ሁልጊዜ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ "ጣትህን እጠፍልኝ፣ ዘርጋልኝ" እላለሁ፣ ቀጥዬ ጫፉን በጥጥ ነካ አድርጌ "ይሰማሃል?" እላለሁ። ከደነዘዘ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ዝዋይ ላይ የመንጠቆ ቁስል የበዛበት ምክንያት አለው። ሐይቁ 440 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 9 ሜትር አካባቢ ነው። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ጊዜ አይሰጥም፤ ቱሉ ጉዶ ደሴትን እያዩ ጀልባው እንደ ወንፊት ይወዛወዛል። ቀድሞ የሐይቁ ዋና ዓሣ ቆሮሶ ነበር፤ ቆሮሶ የመረብ ዓሣ ነው። ቆሮሶው እየመነመነ ኋላ የገቡት አምባዛና ካርፕ ሲበዙ የአጥማጁም መሣሪያ ተቀየረ። አምባዛ በቁራጭ ሥጋ ተታሎ መንጠቆ ይነክሳል። በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ፣ በጭለማ፣ በርጥብ እጅ፣ ብዙ መንጠቆ የታሰረበት ሲባጎ መጠቅለል ምን እንደሚያስከትል መገመት አይከብድም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፣ ችኮላውም ይጨምራል። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው፤ የእኔ ታካሚዎች በጾም ወራት እንደሚበዙ ግን አውቃለሁ።)

ወደ ልጁ እጅ ልመለስ። መጀመሪያ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ አጠብኩት። ከዚያ መንጠቆውን አገላብጬ አየሁት፤ ነጠላ ነው፣ መካከለኛ ነው፣ እሾኋ ብዙ አልጠለቀችም፣ ጣቱ ይታጠፋል፣ ይሰማዋል። እንዲህ ላለው መንጠቆ አጎቴ ያሳየኝን የክር ዘዴ እመርጣለሁ። በ1961 እ.ኤ.አ. አንድ የአውስትራሊያ ሐኪም ይህንኑ ዘዴ በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎት እንደነበር ያወቅኩት ቆይቼ ነው፤ ለአጎቴ ብነግረው "ባሕር ላይማ ሁሉም ያውቀው ነበር" ብሎ ይስቅብኝ ነበር።

ክንድ የሚያህል ጠንካራ ክር አጥፌ በመንጠቆው ጎባጣ ክፍል ላይ አዞርኩት፤ ሁለቱን ጫፎች ቀኝ እጄ ላይ ጠቀለልኩ። በግራ እጄ ሌባ ጣት የመንጠቆውን ቀጥ ያለ ክፍል፣ ክር የሚታሰርበትን ራሱን፣ ወደ ቆዳው ወደ ታች ተጫንኩ። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ራሱ ሲጫን ጫፉ ከሥጋው ውስጥ ወደ ላይ ይነሳል፣ የኋላ እሾኋም ከያዘችው ሥጋ ትላቀቃለች። እጁ ጀልባው ጠርዝ ላይ እንዳይነቃነቅ አንድ ሰው ያዘልኝ። "ሐይቁ ላይ ያለችውን ወፍ አየሃት?" አልኩት። ቀና ሲል ክሩን በአግድሙ፣ ከቆዳው ጋር ትይዩ፣ ባንዴ ነጠቅኩት። ልጁ "ጀመርክ እንዴ?" አለ። አልቆ ነበር።

ቀስ ብሎ መሳብ እዚህ ላይ ክልክል ነው። ከተጫኑ በኋላ ማመንታት የለም፣ ከመጫን በፊት ግን የፈለጉትን ያህል ማመንታት ይፈቀዳል። ዘዴው ለሚነቃነቅ ቦታ፣ ለምሳሌ ለጆሮ ጫፍ፣ አይሆንም፤ ቆዳው ከመንጠቆው ጋር አብሮ ይሄዳልና።

መንጠቆው ትልቅ ሆኖ ጫፉ ከቆዳው ሥር ሲቀርብ ደግሞ ማስኬዱ ይሻላል፤ ሊዶኬይን የሚባለውን ማደንዘዣ ወግቼ ጫፉ በሌላ በኩል ብቅ እስኪል ወደ ፊት እገፋዋለሁ፣ እሾኋን በፒንሳ ቆርጬ የቀረውን በመጣበት እመልሰዋለሁ። ሲቆረጥ ብረቱ ስለሚፈናጠር ጨርቅ እደርብበታለሁ። ሦስተኛውን ዘዴ የምወደው ለአንድ አባባል ስል ነው ማለት ይቻላል፤ 18 ቁጥር መርፌ መንጠቆው በገባበት ቀዳዳ አጠገብ አስገብቶ የመርፌውን ክፍት አፍ የኋላ እሾኋ ላይ መድፋትና ሁለቱን አንድ ላይ ማውጣት ነው። እሾህን በእሾህ ሲባል የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ በእጄ የሠራሁት ግን ነርስ ሆኜ ነው።

አንድ የጋምቤላ ተወላጅ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ባሮ ላይ ዓሣ በጦር ሲወጋ ያደገ ነው፤ የጦሩም ጫፍ የኋላ እሾህ አለው። ከእሱ ጋር ስናወራ የተስማማንበት ነገር ቢኖር በጦር የተወጋ ሰው ሲገጥም ጦሩን ሐይቅ ዳር ወይም ወንዝ ዳር አለመንካት ነው። እንዳይወዛወዝ በጨርቅ ደግፎ፣ እጀታውን አሳጥሮ፣ ሰውየውን ከነጦሩ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። ደም ሥሩን የደፈነው ያው የወጋው ብረት ሊሆን ይችላል።

ዓይን ላይ የተሰካ መንጠቆም እንዲሁ ነው። አንዴ ብቻ ገጥሞኛል። ክር የሚወረውር ሰው ኋላው ማን እንዳለ አላየም ነበር። የወረቀት ኩባያ ዓይኑ ላይ ደፍቼ ሳልጫን በፕላስተር አሰርኩት፣ ሌላኛው ዓይን እየተቅበዘበዘ እንዳያነቃንቀው እሱንም ሸፈንኩት፣ መኪና ተፈለገ። "አንተ እያለህማ!" ብለው ተቆጡኝ። በዚያ ቀን የሠራሁት ሥራ አለመንካት ነበር፤ ለማስረዳት ግን የከበደኝ ሥራ እሱ ነው። አንገት፣ መገጣጠሚያ፣ ጅማት አጠገብ የገባም ከዚሁ ነው።

መንጠቆው ከወጣ በኋላ ያለውን እንክብካቤ ሰው ይንቀዋል። ቀዳዳዋ ትንሽ ስለሆነች ደም እንኳ በወጉ አትደማም። የሐይቅ ውሃ ግን የራሱ ጀርም አለው፤ ኤሮሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ይኖራል፣ ጥልቅ ቁስል ውስጥ ከገባ በአንድ ቀን እጅን ያሳብጣል። ስለዚህ በብዙ ውሃ አጥባለሁ፣ አልሰፋም፣ ቅቤም ላምባም እንዳይቀባ እለምናለሁ። "ክትባት መቼ ተከተብክ?" ስል ብዙዎቹ ይስቃሉ፤ ክትባት የሕፃን ነው ይላሉ። መንጋጋ ቆልፍ ግን ዕድሜ አይጠይቅም፣ የዛገ ብረትም አይመርጥም፤ አዲስ የተገዛ መንጠቆም አፈር ከነካ ያው ነው። ልጁን ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን እንዲወስድ ነገርኩት፤ ጣቱ ካበጠ፣ ቀይ መስመር ወደ ክንዱ ከወጣ ወይም አልታጠፍ ካለው በዚያው ቀን እንዲመጣ አስጠነቀቅኩት። ሁሉንም ከደገመልኝ በኋላ "መንጠቆዬስ?" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ መንጠቆ በገንዘብ ነው የሚገዛው። ክሩን ስነጥቀው ተፈናጥሮ የት እንደወደቀ ማንም አላየም። እዚያ ዳር ላይ ሕፃናት በባዶ እግራቸው ይሮጣሉ፤ ስለዚህ ሁላችንም አጎንብሰን በደንገሉና በጭቃው መሐል ፈለግን። ምሳቸውን የለቀቅኩባቸው ሽማግሌ ሳይቀሩ በከዘራቸው ሣሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። አጣነው። ከቦርሳዬ አንድ አዲስ መንጠቆ አውጥቼ፣ የኋላ እሾኋን በፒንሳ ጨፍልቄ ሰጠሁት። ልጁ አገላብጦ አይቶት "ይሄማ ዓሣውን ይለቃል" አለ። ክሩን ካላላላኸው አይለቅም አልኩት። እንዳላመነኝ ፊቱ ይናገራል፤ ተቀበለኝ ግን።

አሰላ ስደርስ መሽቶ ነበር፣ ብርዱም ጀምሯል። ጋቢዬን ስደርበው አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ቧጠጠኝ። መንጠቆው ነው፤ ከልጁ እጅ ተፈናጥሮ ጋቢዬ ጥለት ላይ ተሰክቶ እስከ አሰላ አብሮኝ ወጥቷል። ባለቤቴ ራት አቅርባ ትጣራለች፣ ርቦኛል፤ በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብኩት። ቀዳዳው የአምስት ሳንቲም ያህላል፤ እሷ እስካሁን የአይጥ ይመስላታል።