የአስረጂ ጽሑፍ ቅደም ተከተልና የተርጓሚው ኀላፊነት

በጉለሌ «ፓስተር» የተባለውን ሰፈር የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው። ስያሜው የመጣው በዚያ ከተቋቋመው ከፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ተቋሙ ስሙን ደጋግሞ ለውጦ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተብሏል፤ ሕዝቡ ግን የፊተኛውን ስም አልተወም። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ለብዙ ዓመታት ሲዘጋጅ የቆየው በዚሁ ተቋም ነው። ስለ አስረጂ ጽሑፍ አደረጃጀት ያለንን አስተያየት ስናቀርብ ይህን በሽታ በምሳሌነት የወሰድነው ስለዚህ ነው፤ ደግሞም የጽሑፍ ቅደም ተከተል መዛባት ሕይወት ሊያስከፍል የሚችልበት ጉዳይ ነው።

ከእንግሊዝኛ የሚተረጐሙ የጤና ጽሑፎች በአብዛኛው አንድ ሥርዓት ይከተላሉ፦ ብያኔ፣ መንሥኤ፣ መተላለፊያ መንገድ፣ ምልክት፣ በመጨረሻም መከላከያ። ተርጓሚው ስለ ቃላቱ ብዙ ይጨነቃል፤ ስለ ተራው ግን የሚጠይቀው የለም። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የስያሜውን ችግር በብዙ አቃሎታል። ዐረፍተ ነገርና አንቀጽ በምን ተራ ይሰደሩ የሚለው ጥያቄ ግን የማንም ሥራ ሳይሆን ቀርቷል።

ብያኔውን እንመልከት። የዚህን ዓይነት ጽሑፍ መልክ ለማሳየት ያህል የሚከተለውን አዘጋጅተናል፦ «የእብድ ውሻ በሽታ በቫይረስ አማካይነት የሚከሠት፣ በበሽታው በተያዘ እንስሳ ምራቅ የሚተላለፍ፣ የነርቭ ሥርዓትን የሚያጠቃና ምልክቱ ከታየ በኋላ ለሞት የሚዳርግ በሽታ ነው።» በእንግሊዝኛው ወገኑን የሚናገረው ስም በመጀመሪያ ይመጣል፤ ዝርዝሩ ከኋላ ይከተለዋል። በአማርኛ ግን ገላጩ ሐረግ ከስሙ ይቀድማል፤ ግሥም መጨረሻ ላይ ይውላል። ስለዚህ አንባቢው አራት ሐረግ ተሸክሞ ይጓዛል፤ በመጨረሻ የሚያገኘውም «በሽታ» የሚለውን፣ በርእሱ አስቀድሞ ያነበበውን ቃል ነው። ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው አይነቀፍም። ለሁለት ወይም ለሦስት ቢከፈል ግን ከትክክለኛነቱ አንዳች ሳይጐድል ሸክሙ ይቀል ነበር።

ስያሜውም የራሱን ጣጣ ያመጣል። «የእብድ ውሻ በሽታ» የሚለው ስም ውሻን ብቻ ያመለክታል፤ በሽታው ግን በድመትም፣ በአህያም፣ በዱር እንስሳም ይተላለፋል። ስሙን እንለውጥ አንልም፤ ሕዝብ ያጸደቀው ቃል ነው። ነገር ግን ስሙ የሚያሳስተውን፣ ብያኔው በመጀመሪያው መስመር ሊያርመው ይገባል እንላለን።

ስለ ድርጊት ቅደም ተከተል ሲሆን አማርኛ ከሌላ ቋንቋ መበደር የማያስፈልገው ሀብት አለው። «በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ከዚያ በፊት ግን ቁስሉን ማጠብ ይገባል» የሚለው ጽሑፍ የእንግሊዝኛውን ተራ ጠብቆ የድርጊቱን ተራ ገልብጧል። የመጀመሪያውን ሐረግ አንብቦ የተነሣ ሰው ቁስሉን ሳያጥብ ይሄዳል። «ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» ቢባል ግን «አጥበው» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ብቻውን የትኛው እንደሚቀድም ይናገራል። «በመጀመሪያ»፣ «በመቀጠል» የሚሉ ቃላት መደርደር አያሻም።

ይሁን እንጂ ለቋንቋው የለመደው ተራ ሁሉ ይሻላል ማለታችን አይደለም። አማርኛ ምክንያቱን በ«ስለ» አስቀድሞ ውጤቱን ማስከተል ይወዳል። ምክንያቱ ረዥም ሲሆን ግን ትእዛዙ ይዘገያል። እዚህ ላይ አንዳንድ የቋንቋ ሰዎች እንግዳ ነው እያሉ የሚሸሹት «ምክንያቱም» ይጠቅማል፦ ክትባቱ ሳይውል ሳያድር ይጀመር፤ ምክንያቱም የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው እምብዛም የለም።

ብያኔን ማስቀደም ለመዝገበ ቃላትና ለመማሪያ መጽሐፍ ተገቢ እንደ ሆነ አይካድም። በራሳችንም ትምህርት ቤት የአንድምታ መምህር ንባቡን ሳያስቀድም ወደ ትርጓሜው አይገባም፤ ተማሪው ግን ጊዜ አለው። የተነከሰ ልጅ ይዛ የቆመች እናት ግን ጊዜ የላትም። ለእርሷ የሚጻፈው ወረቀት «ምን ላድርግ» ከሚለው ጥያቄ መልስ ይጀምር፤ የቫይረሱ ጠባይ በሁለተኛው ገጽ ቢነገር የሚጐዳ የለም።

የትርጉም ሥራ የሚገመግሙ ኮሚቴዎች ቃላቱን አንድ በአንድ ማረማቸው መልካም ነው። ከዚያ በተጨማሪ ጽሑፉን ከጉዳዩ ጋር ለማይተዋወቅ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ አንብበው፣ ወረቀቱን አጥፈው፣ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቁት።