ደጋግሞ የሚታይ ወጣትነት፦ «ቢግ ዌንስደይ» እና የተመልካቾቹ ናፍቆት

ጆን ሚሊየስ ያዘጋጀው «ቢግ ዌንስደይ» በ1978 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለእይታ ሲበቃ ሲኒማ ቤቶች ብዙም አላቆዩትም። ሐያሲያን አብጠለጠሉት፤ አከፋፋዩ ዋርነር ብራዘርስም የጠበቀውን ገበያ አላገኘበትም። ይህ ውድቀት በቅርብ ለሚያውቁት ሰዎች ያልታሰበ ነበር። ጆርጅ ሉካስና ስቲቨን ስፒልበርግ ከ«ስታር ዋርስ» እና ከ«ክሎዝ ኢንካውንተርስ» ትርፍ ከመቶ አንድ እጅ ለሚሊየስ ሰጥተው፣ በምላሹ ከእሱ ፊልም አንድ እጅ ለመውሰድ ተስማምተው ነበር። በዚህ ልውውጥ የተጎዳው ማን እንደሆነ ለመገመት የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያሻም። ያም ሆኖ ከዓመታት በኋላ ፊልሙን የሚያነሡት ሰዎች የሚያነሡት በስስት ነው። የሚሰጡት አስተያየትም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው፣ ፊልሙ የዚያን ዘመን ወጣትነት እንደነበረ አስቀርቶታል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በየዕድሜው ሲያዩት ሌላ ፊልም ይሆናል ይላል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰው አፍ ስለሚወጡ እንደ አንድ ሐሳብ ይቆጠራሉ። የእኔ ክርክር ሁለቱ መለየት አለባቸው የሚል ነው፤ የመጀመሪያው ማስረጃ አይቆምለትም፣ ሁለተኛው ግን በ1978 ከተጻፉት ሂሶች የተሻለ ሂስ ነው።

ታሪኩ ውስብስብ አይደለም። ማት፣ ጃክና ሊሮይ በካሊፎርኒያ አንድ የባሕር ዳርቻ ላይ በሞገድ ሲንሸራተቱ የሚውሉ ጓደኛሞች ናቸው፤ ጃን-ማይክል ቪንሰንት፣ ዊልያም ካትና ጌሪ ቢዩሲ ተጫውተዋቸዋል። ድርጊቱ በአራት ክፍል ተከፍሎ 12 ዓመት ይሸፍናል። የ1962 በጋ «የደቡብ ማዕበል»፣ የ1965 መጸው «የምዕራብ ማዕበል»፣ የ1968 ክረምት «የሰሜን ማዕበል»፣ የ1974 ጸደይ «ታላቁ ማዕበል» ይባላሉ። ስያሜው ለጌጥ የገባ አይደለም። በደቡብ ካሊፎርኒያ ጥሩ የበጋ ሞገድ የሚነሣው በደቡብ ንፍቀ ክበብ ከሚቀሰቀስ አውሎ ነፋስ ነው፤ የክረምቱ ከሰሜን ፓስፊክ ይመጣል። ስለዚህ የልጆቹ ዕድሜ የሚቆጠረው ከእነሱ ፈቃድ ውጭ በሆነ፣ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚወሰን ቀጠሮ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ስካርና ጭፈራ፣ ሜክሲኮ ተሻግረው የገጠሙት የቲኋና ጠብም አለ። በሁለተኛው የግዳጅ ምልመላ ይመጣል፤ አንዱ እግሩን የተሰበረ፣ አንዱ አእምሮውን የሳተ መስሎ ሊያመልጥ ሲሞክር ጃክ ወደ ቬትናም ይሄዳል። በሦስተኛው ክፍል ጃክ ሲመለስ የሚወዳት ሳሊ ሌላ አግብታ ያገኛታል፤ ጓደኛቸው ዋክሰርም በጦርነቱ ሞቷል። ደስታው ከክፍል ወደ ክፍል እየቀነሰ ነው የሚሄደው።

«እንደነበረ አስቀርቶታል» የሚለውን አስተያየት እንመርምር። የልጆቹ መዋያ የተቀዳው ሚሊየስ በወጣትነቱ ሰርፍ ካደረገባት ማሊቡ እንደሆነ ግልጽ ነው። ነገር ግን ተመልካቹ «የእኛ ባሕር» ብሎ የሚናፍቀው ውሃ ከፊሉ የተቀረጸው በኤል ሳልቫዶር ነው፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የእርስ በርስ ጦርነት በገባባት አገር። ከፊሉ የተቀረጸው ሳንታ ባርባራ አጠገብ ነው። የመጨረሻው ታላቅ ማዕበል ደግሞ የሃዋይ ነው፣ ሰንሴት ቢች። ቦርዱ ላይ የቆሙትም ሁልጊዜ ተዋናዮቹ አልነበሩም። በአደገኛዎቹ ሞገዶች ላይ የተተኩላቸው አውስትራሊያውያኑ ፒተር ታውንኤንድና ኢያን ኬርንስ፣ እንዲሁም ካሊፎርኒያ ያደገው ቢል ሃሚልተን ናቸው። ታውንኤንድ በ1976 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፤ የ1962 የሰፈር ልጅ እንደዚያ ይንሸራተት ነበር ማለት ይከብዳል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የዘመኑ ጉዳይ ነው። ማሊቡን ለሕዝብ ያስተዋወቀው «ጊጄት» የተሰኘው ፊልም የወጣው በ1959 ሲሆን፣ የቦታው ነባር ሰርፈሮች ዳርቻችን በሰው ተጥለቀለቀ፣ ወርቃማው ጊዜ አለፈ ብለው ማማረር የጀመሩት ያኔ ነው። እንግዲህ የፊልሙ ወዳጆች ወርቃማ የሚሉት 1962 ለእነዚያ ነባሮች የብልሽት ዘመን ነበር።

ፊልሙ ራሱ ይህን ያውቃል ባይ ነኝ፤ ሁለተኛው አስተያየት የሚመዝነውም ለዚህ ነው። ሉካስ በ1973 የሠራው «አሜሪካን ግራፊቲ» የሚጀምረው በዚያው በ1962 ነው፤ ነገር ግን በአንድ ሌሊት ይጀምርና በአንድ ሌሊት ያልቃል። ልጆቹ ኋላ ምን እንደደረሰባቸው የምናውቀው መጨረሻ ላይ ከሚወጣ አጭር ጽሑፍ ነው፦ አንዱ በመኪና አደጋ ሞተ፣ አንዱ ቬትናም ገብቶ የት እንደደረሰ አልታወቀም። ሚሊየስ ሉካስ በጥቂት መስመር ያለፈውን 12 ዓመት ወስዶ ሙሉ ፊልም አደረገው። «አሜሪካን ግራፊቲ»ን ወዶ የመጣ ተመልካች የጠበቀው የሌሊቱን ጨዋታ ነበር፤ የተሰጠው ግን ማግስቱ ነው። በአራተኛው ክፍል ማት፣ ያገባና የልጅ አባት የሆነ ሰው፣ የሰርፊንግ ፊልም ሊያይ አዳራሽ ገብቶ ይቀመጣል። መጋረጃው ላይ የእሱ የድሮ ምስል ለአፍታ ብልጭ ይላል፤ በዙሪያው ያሉት ወጣቶች ግን ልባቸው የዘመኑ ጀግና ጌሪ ሎፔዝ ላይ ነው። ካሜራው የማትን ፊት ይዞ ይቆያል። አንድ ሰው የራሱን ወጣትነት በማያውቁት ሰዎች መካከል ተቀምጦ ሲመለከት፣ «ቢግ ዌንስደይ»ን በ50 ዓመቱ ደግሞ የሚያይ ሰው ከዚህ ትዕይንት የት ይሸሸጋል? በ20 ዓመቱ ይህን ትዕይንት እንደ መሸጋገሪያ ቆጥሮ አልፎት ይሆናል። የ1978 ሐያሲያን ሞኞች አልነበሩም፤ ፊልሙን አንዴ አይተው ለማግስት ጋዜጣ ጻፉ። አንዴ ለሚያየው ሰው ደግሞ ገጠመኝ በገጠመኝ ላይ የተከመረበት፣ በየመሀሉም በተራኪ ድምፅ የሚታከም ሥራ ነው። (ያ የተለሳለሰ ድምፅ የሮበርት ኢንግለንድ ነው፤ በ1984 ፍሬዲ ክሩገርን ሆኖ ዓለምን ያስደነገጠው ሰው።) ሙሉነቱ የሚገኘው በመደጋገም ነው፤ የመደጋገሙን ዕድል የሰጠው ደግሞ ኋላ የመጣው የቪዲዮ ካሴት ነው።

ተቃውሞ አይጠፋም። የመጀመሪያው፣ ይህ ናፍቆት የዘመኑን ቁስል ይሸፍናል የሚለው ነው። በ1962 እና በ1974 መካከል አሜሪካ የዘር መድልዎን በመቃወም በተነሣው ንቅናቄና በቬትናም ስትናጥ፣ ፊልሙ የጦር ሜዳ አያሳይም፤ ሦስቱም ነጮች ናቸው፤ ሴቶቹ ፔጊና ሳሊ የሚኖሩት ወንዶቹን ለመጠበቅ ነው። ስለ ቬትናም የሚባለውን አልቀበልም። ሚሊየስ በዚያው ዘመን ከኮፖላ ጋር «አፖካሊፕስ ናው»ን የጻፈ፣ በጦርነት መሀል ሰርፊንግ የሚያምረውን ኮሎኔል የፈጠረ ሰው ነው፤ እዚህ ጦር ሜዳውን ያስቀረው ጦርነቱ ዳርቻው ላይ በቀሩት ዘንድ የሚታወቀው በጎደለ ሰው ስለሆነ ነው። ስለ ሴቶቹ የሚባለው ግን ትክክል ነው፤ ፊልሙን የሚያድንበት መልስ የለኝም። በ1981 ብሩስ ቤርስፎርድ በአውስትራሊያ የሠራው «ፒዩበርቲ ብሉዝ» ያንኑ አሸዋ ከሴት ልጆች ወገን ሆኖ ያሳያል፦ ወንዶቹ ውሃ ውስጥ፣ ልጃገረዶቹ ዳር ላይ ምግብ አቅርበው፣ ፎጣ ጠብቀው። ያን ፊልም የሚናፍቁ ሴቶች የሚያስታውሱት ከማት ወዳጆች የተለየ ነገር ይሆናል፤ የ«ቢግ ዌንስደይ» ናፍቆት የግማሽ ዳርቻ ናፍቆት መሆኑን የሚያሳየውም ይህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ሰዎቹ የሚወዱት የራሳቸውን ወጣትነት እንጂ ፊልሙን አይደለም ይላል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ፍራንኪ አቫሎንና አኔት ፉኒቼሎ ከ1963 ጀምሮ የዘፈኑባቸው የ«ቢች ፓርቲ» ፊልሞችም ተመልካቹ ባረጀ ቁጥር ይለወጡ ነበር። አይለወጡም፤ እዚያ ማንም ስለማያረጅ ሁልጊዜ ያው ናቸው፣ የሚወደዱትም በዚያው በለመዱት መልክ ነው። በሌላ በኩል በ1963 የተወለደው ኩዌንቲን ታራንቲኖ፣ ሰርፈሮችን እንደማይወድ ሳይደብቅ፣ ይህን ፊልም በአደባባይ አሞግሷል። እሱን የሳበው የዳርቻ ትዝታው ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ የናፋቂዎቹን አስተያየት እንደ ታሪክ ምስክርነት መውሰድ ስሕተት ነው፤ እንደ ሂስ መስማት ግን ይገባል። እኔም የምነቅፋቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ክፍል መሆኑ። ፊልሙ የሚፈርደው በመጨረሻው ነው፦ ማት፣ ሽማግሌው ቦርድ ሠሪ ቤር ለታላቁ ቀን በሠራለት ቦርድ ማዕበሉን ከገጠመ በኋላ ተጎድቶ ይወጣል፤ ቦርዱንም ለአንድ ልጅ ትቶለት ይሄዳል። ፊልሙን የሚያነሣ ሐያሲም ሆነ ተመልካች ከ1962 በፊት ይህን የ1974 ክፍል ደግሞ ይመልከት።