ዛፉን ማን ሸጠው? «ነፋስን የገራው ልጅ» በተሰኘው ፊልም ላይ የቀረበ አስተያየት

ሕዝብን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለሥራ ለማነሣሣት ከጥናት ወረቀት ይልቅ ፊልም ይሻላል የሚለው አሳብ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት አግኝቷል። እኔም በአሳቡ እስማማለሁ። ጥያቄዬ «ምን ዓይነት ታሪክ?» የሚል ነው። ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሣ ፊልም እንዳለ ሁሉ፣ አስለቅሶና አስጨብጭቦ መልሶ የሚያስቀምጥም አለና። ለዚህ ማሳያ የምወስደው ቺዌቴል ኢጂዮፎር እ.ኤ.አ. በ2019 ያቀረበውን፣ በማላዊ የተቀረጸውን «ነፋስን የገራው ልጅ» ነው።

ፊልሙ በዊሊያም ካምኳምባ እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 ማላዊን ረሃብ ሲመታት፣ የሚከፍለው አጥቶ ትምህርቱን ያቋረጠው ታዳጊ ከቤተ መጻሕፍት ባገኘው መጽሐፍ እየተመራ፣ ከወዳደቀ ብረትና ከብስክሌት ዕቃ በነፋስ የሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ማመንጫ ይሠራል።

ተመልካች የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው። በእኔ ግምት ግን የፊልሙ ጉልበት ያለው ቀደም ባለው ክፍል ነው። የትምባሆ ኩባንያ ሰዎች ዛፍ ሊገዙ ወደ መንደሩ ይመጣሉ። ዛፉ ከተቆረጠ ጎርፉን የሚያግደው እንደማይኖር የሚያውቁ አሉ፤ ዳሩ ግን ድሀ ሰው ገንዘብ ሲቀርብለት ምን ይበል? አንዱ ይፈርማል፣ ሌላው እምቢ ይላል፤ ጎርፉ ግን ፈራሚውን ከእምቢተኛው አይለይም። የመንደሩ አለቃ በፕሬዚዳንቱ ፊት ቆመው እውነቱን በመናገራቸው ይደበደባሉ። እዚህ ላይ ጎርፍና ድርቅ የሰማይ ቁጣ ብቻ መሆናቸው ቀርቶ ሰው የሚጠየቅባቸው ጉዳዮች ይሆናሉ።

ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ፊልሙ ይህን ጥያቄ ጥሎት ይሄዳል። ማሽኑ ይዞራል፣ ውኃው ይፈሳል፣ ሰብሉ ይለመልማል። የተራቆተውን መሬት ማን መልሶ እንደሚያለብሰው ግን አንሰማም። በእውነተኛው ታሪክ የልጁ ማሽን መጀመሪያ ያበራው የቤት አምፖል ነበር፤ ውኃ መሳቡ የመጣው በኋላ ነው። ፊልም ሠሪው ጊዜውን በማሳጠሩ አልወቅሰውም። ቅር የሚለኝ፣ ማማውን አብረው ያቆሙት ጎረቤቶች ድካም ለአንድ ልጅ ድል ማጀቢያ ሆኖ መቅረቱ ነው። እንዲህ ያለው ታሪክ አንድ መንደር ሊቁን እስኪወልድ ድረስ እጁን አጣጥፎ እንዲጠብቅ ሊያስተምር ይችላል።

ወደ አገራችን እንምጣ። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎች እርከን ሠርተውና ተራራቸውን ከከብት ከልለው የተራቆተውን መሬት በማልማታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። እንዲህ ያለ ሥራ የአንድ ሰው አይደለም። ተራራው ሲከለል ከብቱ የት ይሰማራል? መጀመሪያ ማን ይተው? የጎረቤቱን በሬ በተከለለው ሥፍራ ያየ ሰው ይናገራል ወይስ ዝም ይላል? ለድራማ ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልጋል?

እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ድርቅ አባትና ልጅን እንዴት እንደሚለያይ አሳይቶናል። ብዕርና ካሜራ የያዛችሁ ወገኖች ደግሞ፣ የተቸገረ መንደር እንዴት ተከራክሮ፣ ተጣልቶ፣ በመጨረሻም ተስማምቶ መሬቱን እንደሚያድን አሳዩን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የዚህ ዓይነቱ ፊልም ዋና ተዋናይም ሃምሳው ሰው መሆን አለበት እላለሁ።