መፍረሻውም ይነደፍ

ምሰሶ ያለ መሠረት ድንጋይ አፈር ውስጥ ከተተከለ እግሩ እንደሚበሰብስ ግንባታ ላይ የዋለ ሁሉ ያውቃል። በተማሪ ንድፍ ላይ ባየው በቀይ እሰርዘዋለሁ። ከጃፓን የሺንቶ መቅደሶች ሁሉ የሚከበረው ኢሴ ግን የቆመው እንዲሁ ነው። ሂኖኪ ከሚባለው ዛፍ የተጠረቡት ምሰሶዎች አፈር ውስጥ ገብተዋል፤ ክዳኑም ሣር ነው። ያልቃል፤ ማለቁም ታስቦበታል። በየ20 ዓመቱ አጠገቡ ባለው ባዶ ቦታ ያው ቤት እንደ አዲስ ይሠራል። ልማዱ በ690 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ፣ በጦርነት ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ ተቋርጦ፣ 62ኛው ዙር በ2013 ተፈጽሟል። የጣሪያውን አናት የተሸከሙት ትላልቅ ምሰሶዎች ሲነቀሉ ዳግመኛ ይጠረቡና በመቅደሱ መግቢያ ባለው በኡጂ ድልድይ ሁለት ጫፎች የመግቢያ በር ሆነው ሌላ 20 ዓመት ያገለግላሉ። ወጣቱ አናጢም በአንዱ ዙር ከሽማግሌው ሥር ተምሮ በሚቀጥለው ራሱ አስተማሪ ይሆናል።

ስለ አዳዲሶቹ መቅደሶች ስናወራ እኛ አርክቴክቶች የምንጨቃጨቀው በእንጨትና በአርማታ ነው። አርማታን አልንቅም። የቶኪዮው ካንዳ ምዮጂን መቅደስ በ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ወድሞ በ1934 በአርማታ ተሠራ፤ በ1945 የአየር ድብደባ ሰፈሩ ሲነድ ዋናው ቤት ተረፈ። አርክቴክት ኪዮኖሪ ኪኩታኬ በ1963 ለኢዙሞ ታይሻ መቅደስ የሠራው የአስተዳደር ሕንጻ ግን፣ በሙያው ዓለም ስመ ጥር ሆኖ ሳለ፣ ዝናብ እያፈሰሰ አርጅቶ ስድሳ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። እኔ እንደምለው ውበት አልጎደለውም፤ የጎደለው የጥገና መንገድ ነው። ያረጀ ሣር ይነሣል፤ አርማታ ውስጥ የዛገ ፌሮ ግን በምን ይወጣል?

ስለዚህ አርክቴክት ኬንጎ ኩማ በ2010 የጨረሰውን፣ በቶኪዮ የካጉራዛካ ሰፈር ያለውን አካጊ መቅደስ ከሁሉ አስበልጣለሁ፤ የምወድለት ግን ብዙ ሰው ፎቶ የሚያነሣውን መስተዋቱን አይደለም። መቅደሱ ከግቢው ቦታ ቆርሶ ለአፓርታማ በ70 ዓመት ሊዝ ሰጠ፤ በዚያው ገቢ ታደሰ። ሊዙ ሲያበቃ የአፓርታማው ሕንጻ ይነሣና ቦታው ደን እንዲሆን ታቅዷል። በተቀደሰ ግቢ ንግድ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን መነሻ ቀኑ አብሮት የተነደፈ ሕንጻ ብዙ አላየሁም።

አሠሪ አዲስ መቅደስ ንደፉልኝ ቢላችሁ፣ የፊት ገጽታውን ከማሳየታችሁ በፊት ክዳኑ እንዴት እንደሚነሣና ምሰሶው በማን እጅ እንደሚቀየር የሚያሳየውን ንድፍ አስቀድሙ።