ቻርጀሩን ነቀላችሁት፤ ምጣዱስ?

«አካባቢዎን ለመንከባከብ ማድረግ ያለብዎ አሥር ነገሮች» የሚል ዓይነት ፖስተር ቢሮ ወይም ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እኔ በምሠራበት ሕንፃ ኮሪደር ላይም አንድ ተለጥፏል። ቻርጀር ይንቀሉ፣ መብራት ያጥፉ፣ ወረቀት በሁለቱም ገጽ ያትሙ ይላል። አንዱም መጥፎ ምክር አይደለም። ታዲያ ቅሬታዬ ምንድን ነው? ፖስተሩ አንድ ጥያቄ ዘሏል፦ «ስንት?» የሚለውን።

እስቲ አብረን እናስላ። ስልክ ሳይያያዝበት ሶኬት ላይ የተረሳ ዘመናዊ ቻርጀር 0.1 ዋት አካባቢ ይወስዳል። ዓመት ሙሉ ባይነቀል፣ 0.1 በ8,760 ሰዓት ሲባዛ 876 ዋት-ሰዓት ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። 876ን ለ3,500 አካፍሉት፤ ሩብ ሰዓት ነው። የቻርጀሩን የዓመት ፍጆታ ምጣዱ በ15 ደቂቃ ይጨርሰዋል ማለት ነው! ቻርጀሩ አሮጌ ሆኖ አምስት እጥፍ ቢወስድ እንኳ ከ75 ደቂቃ ጋገራ አይበልጥም። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ዴቪድ ማካይም እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ኃይል ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የቻርጀር ምክር በቁጥር ተችቶታል።

ሁለተኛው ችግር ምክሩ ከሌላ አገር መቀዳቱ ነው። ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል በሚመነጭበት አገር አምፖል ማጥፋት ጭስ ይቀንሳል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው የሚገኘው። እዚህ አምፖል ስታጠፉ ወጪ ትቆጥባላችሁ፣ መስመሩም ላይ ጫና ትቀንሳላችሁ፤ ይህም ጥቅም ነው። ጭሱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፦ ማገዶና ከሰል በሚነድበት ጓዳ።

በባህላዊ መንገድ አፈር አልብሶ 1 ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይፈጃል። አንድ ማዳበሪያ ከሰል ስታዩ ከኋላው ስንት ዛፍ እንዳለ አስቡት። በዚያ ላይ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ፖስተሩ ግን ስለ ከሰል ትንፍሽ አላለም። ከሥሩ ደግሞ በየቀኑ ቡና በከሰል ይፈላል! ቡና የምታፈላውን እህታችንን መውቀሴ አይደለም። መብራት ድርግም ሲል ሥራዋን የሚያተርፍላት ከሰሉ ነው። ጥፋቱ ምርጫዋን ሳያይ ቻርጀር ንቀይ የሚላት ምክር ላይ ነው።

የተሻለ ፖስተር ምን ይል ነበር? ምጣድ እስኪግል ድረስ ብቻ ብዙ ኃይል ይበላል፤ ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር አንዴ በጋለ ምጣድ ብዙ ጋግሮ መጨረስ፣ ከተቻለም ከጎረቤት ጋር ተራ መያዝ። በማገዶ የሚጋግር ቤተሰብ ካለ «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ማስተዋወቅ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። መብራት ባለበት ሰዓት ከከሰል ይልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ መጠቀም። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ለየስብሰባው ሃይላንድ ከመደርደር ውኃ በጆግና በብርጭቆ ማቅረብ።

ቻርጀራችሁን ንቀሉ፤ ክፋት የለውም። ግን «የድርሻዬን ተወጣሁ» ብላችሁ እዚያው እንዳትቆሙ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ያሉትን ዕቃዎች ገልብጡና ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቡ፤ በሳምንት በሚሠሩበት ሰዓት አባዙት፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩት። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ የሳምንቱን ኪሎ ጻፉና በእንጨት አስሉት። ከዚያ ከዝርዝሩ አናት ጀምሩ።